ዘጠኝ መዥገር

ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ሰው ለመግደል ሞክሬአለሁ። አትደንግጡ። ጦርም አልያዝኩ፣ መርዝም አልበጠበጥኩ፤ የያዝኩት ዘጠኝ መዥገር ነው። አሁን ሳወራው የልጅ ልጆቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እነሱ ምን አለባቸው! እኔ ግን ያን ጊዜ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ከስቼ ነበር።

ጊዜው ከተማው ገና እንጦጦ ጋራ ላይ ሳለ ነው። ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ የጋራው ጽድ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ አናቱ ተመልጦ ነበር። እኛ ከሥሩ የካ ነበርን፣ ዛሬ መኪና በሚያልፍበት። አባቴ ዱጋሳ ከብት አርቢ ነው። ከሰው ይልቅ ከላም ጋር ነው የሚግባባው፤ ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት ያያል፣ ከላም ጋር ሲሆን ግን ወሬው አያልቅም።

እናቴን አዮ እላት ነበር። ትኩሳት ያዛት፤ ሦስት ቀን አነደዳትና ለቀቃት። ተነሥታ ላም አለበች፣ እኛም "ተማረች" ብለን ደስ አለን። በሳምንቱ ተመለሰባት። ደግሞ ለቀቃት። በሦስተኛው ይዟት ሄደ።

ከአዮ የቀረልኝ ግድግዳ ነው። በመስቀል ሰሞን የመደባችንን ግድግዳ በጭቃና በእበት በእጇ ለስናው ነበር። ትንሿ ጣቷ በልጅነቷ የጥጃ ገመድ ሰብሯት ጠማማ ሆና ቀርታለች። ስለዚህ እጇ በጭቃው ላይ ሲሄድ ሦስቱ ጣቶቿ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣሉ፣ አራተኛዋ ወጣ ብላ ትታጠፋለች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እንደዚያ ነበር። ከሞተች በኋላ እዚያው መደብ ላይ ጋደም ብዬ ጣቶቼን በጣቶቿ መንገድ ላይ አስኬዳለሁ። አባቴም ያየኛል። ዓመት ዞሮ የልስን ጊዜ ሲደርስ "ይህን ግድግዳ ማንም እንዳይነካ" አለ። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ እኛም ስንጥቁን ወደድነው።

በለቅሶው ሰሞን የከብት መድኃኒት አዋቂው ሽማግሌ ሰቦቃ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጠው "ዱጋሳ፣ ይቺን ልጅ መዥገር ነው የበላት" ሲሉ ሰምቻለሁ። አባቴ ደሙ ፈላ። "ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አገላብጠን አየናት፤ አንዲት መዥገር አልተገኘባትም። ምን ነካዎት? እኔ ዱጋሳ መዥገር አላውቅም?" ሰቦቃም ከሐዘንተኛ ጋር ክርክር ነውር ነው ብለው ነገሩን ተዉት። እኔ ግን አመንኳቸው። ሽማግሌ ይዋሻል እንዴ?

መዥገርን እንደኛ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ከብቶቹ ሲገቡ የኔ ሥራ መንቀል ነው፤ ከጡታቸው ሥር፣ ከጆሯቸው ውስጥ፣ ከጭራቸው ሥር። መዥገር ዝም ብለው ቢጎትቷት አፏን ሥጋ ውስጥ ጥላ ትበጠሳለች፣ ቁስሉም ይመግላል። ቅቤ ቀባ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ ነው። ስትጠግብ የጉሎ ፍሬ ታክላለች። ፍም ላይ ስጥላት ጧ! ትላለች። አዮ ከሞተች ወዲህ እያንዳንዷ ጧ ባለች ቁጥር ሆዴ ትንሽ ቅልል ይለው ነበር። የነፍሰ ገዳይ ዘር እየፈጀሁ መስሎኝ።

አባቴ በዓመት ከመንፈቁ አገባ። ሴትዮዋ ወለተማርያም ትባላለች፣ ከእንጦጦ ናት። አባቷ የሰፈሩ ድንኳን ተካይ ነበሩ፤ እሷም ከዘመቻ ዘመቻ ድንኳን ውስጥ ያደገች ናት። ቁመቷ ረዘም፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ስትስቅ ጥጃ የምታስበረግግ። የመጣች ዕለት ወደ ቤት ገባች፣ ግድግዳውን ቀና ብላ አየች፣ ተመልሳ ወጣችና ጓሮ የአባቷን አሮጌ ድንኳን ተከለች። "እዚህ ነው የምተኛው" አለች።

አዳዳ ዲንቄ፣ የአባቴ እኅት፣ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣትም። "ቤታችን ሸተታት! ድንኳን የወለዳት!" እያለች መንደሩን አዳረሰች። እኔም ሰፌዴን ይዤ ከኋላዋ ነኝ፣ የሰማሁትን ሳልጨምር አላወራም።

አንድ ቀን እንጀራ እናቴ ጎመን ስትቀነጥስ ጠራችኝ።

"ጂቱዬ፣ እናትሽን ትኩሳቱ ለቀቅ ያደርጋት ነበር?"

"አዎ።"

"ለቀቅ ሲያደርጋት ስንት ቀን ትቆያለች?"

"እንጃ። ላም ታልብ ነበር።"

"አንቺስ የት ነበር የምትተኚው?"

"እዚያው መደቡ ላይ፣ አዮ እቅፍ ውስጥ። አሁንም እዚያው ነኝ።"

ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን ያፈነች መሰለኝና በልቤ ረገምኳት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ውሃ ቀድቼ ስገባ፣ ወለተማርያም መደቡ ላይ ተንበርክካ በወስፌ የአዮን ጣቶች ስትወጋ ደረስኩ። የስፌት ወስፌ ነው። በእያንዳንዱ መስመር፣ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ ትከተውና ትቆፍራለች። በሌላ እጇ ትንሽ የበግ ቀንድ ይዛለች፤ ከስንጥቁ የምታወጣውን ነገር ቀንዱ ውስጥ ታደርግና በጨርቅ ትወትፈዋለች። ስታየኝ ደነገጠች። እንስራዬን እዚያው ጥዬ እየጮህኩ ወደ አዳዳ ዲንቄ በረርኩ።

"የሟች እጅ በወስፌ? ኧረ በስመ አብ!" አለች አዳዳ። "መተተኛ ናት። የእናትሽን መንፈስ ልታስርብሽ ነው።"

አባቴ ሲመጣ ነገሩ ጓሮ ላይ ተነሣ። እኔ ከጥጆቹ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። የሰማሁት ግማሹን ነው፣ የገባኝ ደግሞ የግማሹን ግማሽ።

"ግድግዳው ይፍረስ" አለች ወለተማርያም። "መዥገር አለበት። በቆላ ዘመቻ ታናሽ ወንድሜ አሮጌ ጎጆ ውስጥ አድሮ እንዲሁ እያገረሸበት ነው የሞተው። እኛ የድንኳን ሰዎች አሮጌ ቤት የማናድረው ለኩራት አይደለም።"

"መዥገር ከሣር ይመጣል፣ ከብት ላይ ይወጣል፣ ይጣበቃል" አለ አባቴ። "ግድግዳ ውስጥ ምን ይጠባል? ጭቃ?"

"ይሄንን ቀንድ ብቻ ከፍተው ይዩ።"

"ስለ ድንኳን አንቺ ንገሪኝ። የመዥገሩን ነገር ለኔ ተይው። ግድግዳውን የነካሽ ዕለት ግን ወደ አባትሽ ትሄጃለሽ።"

ያን ዕለት ድንኳኗን ነቅላ ወደ ቤት ገባች። ድል ያደረግን መስሎኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ እሷ ቁርበቷን አምጥታ የአዮ መደብ ላይ፣ ግድግዳው ሥር አነጠፈችው። የኔን አጎዛ አንሥታ በር አጠገብ፣ አባቴ ከጥጆቹ ጋር የሚተኛበት ዘንድ ጣለችው። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነሽ" አለችኝ። አባቴም "መደቡ የሚስት ቦታ ነው" አለ።

በዚያ የልጅ ጭንቅላቴ የገባኝ እናቴን በወስፌ ወግታ፣ አሁን ደግሞ ቦታዋን ወረሰች የሚል ነው። ዛሬ ግን ይገባኛል። ያቺ ሴት ከምን ጋር እንደምትተኛ አሳምራ ታውቅ ነበር። መደቡ ላይ አንድ ሰው መተኛቱ ካልቀረ ያ ሰው እኔ እንዳልሆን ነው የፈለገችው።

እኔ ግን የተማርኩት ሌላ ነው። መዥገር እናቴን ከገደለ እሷንስ ምን ያግደዋል? ከላማችን ከቡሬ ጡት ሥር ትልልቆቹን፣ የጉሎ ፍሬ ያከሉትን መረጥኩ። የበረቱት እነሱ መስለውኛል። አንድ ቀን ሦስት፣ በማግስቱ ሦስት፣ ደግሞ ሦስት አድርጌ ከቁርበቷ ሥር ከተትኩ። ፍሙ ላይ የሚጮህ ሲጠፋ አባቴ "ዛሬ መዥገር የለም?" ይለኛል። "የለም" እላለሁ። እሷ ጠዋት ጠዋት ቁርበቷን ፀሐይ ላይ አውጥታ ታራግፋለች። እያራገፈች ወደኔ ዞር ብላ ፈገግ ትላለች፣ እኔም በንዴት እበግናለሁ።

አባቴ ከብት ሊያይ ሱሉልታ ለሦስት ቀን በሄደ ጊዜ ወለተማርያም ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ መጥረቢያ አነሣች። ከማፍረሷ በፊት ግን እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ በአዮ መስመሮች ላይ ደጋግማ አስኬደችው። ትንሿን ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግሞ አጠፈች። ልታላግጥ መስሎኝ እጇን ነከስኳት። የነከስኩበት ጠባሳ እስክትሞት አልጠፋም። እያለቀሰች በአንድ እጇ አቅፋ ወደ ደጅ አወጣችኝና መዝጊያውን ዘጋችብኝ። ከውስጥ የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማል። በየምቱ "አዮ! አዮ!" እያልኩ መዝጊያውን ደበደብኩ። ጭቃውን አንዲት ፍርፋሪ ሳታስቀር ደጅ አውጥታ ዘርግታ እሳት ለቀቀችበት፤ ቋሚውንና ማገሩን በፈላ ውሃ አጠበችው።

አባቴ ተመልሶ ባዶውን ማገር ሲያይ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠና "እሑድ ወደ አባትሽ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። አዳዳ ዲንቄ አህያ አዘጋጀች። ድንኳኑም ተጠቀለለ።

እሑድ ሳይደርስ ወለተማርያም ተኛች። ትኩሳት። ሦስት ቀን ጥርሷ እየተንገጫገጨ አነደዳትና ለቀቃት፤ ተነሥታ ጎመን ቀነጠሰች። አባቴ "አህያው ይቆይ፣ ትበርታና ትሄዳለች" አለ። በሳምንቱ ተመለሰባት።

ያኔ ነው እህል አልወርድ ያለኝ። የፈለግኩት ሆነልኝ፤ ሲሆን ግን እንደዚያ አልነበረም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ያ ወፍራም ድምፅዋ ሰልሎ፣ ልክ እንደ አዮ "ውሃ" ትላለች። ውሃ የማቀብላት እኔ ነኝ። አዮን ውሃ ያቀበልኳትም እኔ ነበርኩ። ለሁለተኛ ጊዜ እናት እያጣሁ እንደሆነ ተሰማኝ፣ አሁንስ በገዛ እጄ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዋንጫውን ጥዬ ደረቷ ላይ ወደቅኩ።

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኩዎት! ከቡሬ ላይ መዥገር እየነቀልኩ ከቁርበትዎ ሥር የከተትኩት እኔ ነኝ! አይሙቱብኝ እትዬ፣ ማርያምን አይሙቱብኝ!"

ቀና ስል ሆዷ ይንቀጠቀጣል። ትስቃለች እኮ! በዚያ ትኩሳት!

"እንዴ! መዥገር አስተኛሽብኝ? ምን ዓይነቶቹን?"

"ትልልቆቹን።"

"የኔ ጅል፣ የጠገበች መዥገር ማንን ትነክሳለች? እሷ በልታ ጨርሳለች። ሂጂ፣ ከቡሬ ላይ አንድ ያልጠገበች አምጪ። ያቺን የበግ ቀንዴንም ከጥጉ አንሺልኝ።"

አመጣሁ። ሰፌድ ላይ ጎን ለጎን አደረገቻቸው፣ የኔን የላም መዥገርና ከቀንዱ ያወጣቻትን። የቀንዷ መዥገር ከወር በላይ ያለ ምግብ ተዘግቶባት በሕይወት አለች።

"አንቺ ነሽ አዋቂዋ፤ እይና ንገሪኝ" አለችኝ።

አየሁ። "የኔዋ ጀርባዋ ላይ ጋሻ አላት። ብጫናት አትፈርጥም። የርስዎ ጋሻ የላትም፤ እንደ አሮጌ ስልቻ የተጨማደደች ናት።"

"አፏስ?"

የኔዋ አፏ ከፊት ለፊት ተቀስሯል። የሷን ብፈልግ ከላይ አይታይም፤ በሣር ስገለብጣት ከሆዷ በኩል ተደብቋል።

"አየሽ፣ ያንቺዋ የሣር ናት" አለች ወለተማርያም እያለከለከች። "ከያዘች አትለቅም፣ ሳምንት ትሰነብታለች፤ ማንም ያያታል፣ ማንም ይነቅላታል። የኔዋ የቤት ናት። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች፤ ሰው ሲተኛ ትወጣና ወጥ እስኪፈላ እንኳ ሳትቆይ ጠጥታ ትገባለች። ጠዋት ገላ ቢፈተሽ ምን ይገኛል? ከተራበችም ዓመት ሁለት ዓመት ትታገሣለች።"

"አዮን ያቺ ናት?"

"ያቺ ናት፣ ልጄ። አሁን እኔንም ያቺው ናት። አንቺ የለሽበትም።"

ሰፌዱን ይዤ ወደ በረት ሮጥኩ። እኔ በአባቴ ዘንድ አንድ ክብር ነበረኝ፤ የመዥገር ነገር ከሆነ ዓይኔን ያምናል። "አባ፣ ይቺን ይዩ፤ ጋሻ የላትም። ከግድግዳው ነው የወጣችው" አልኩት። ቀንዱን ከእጄ ተቀበለና ሰፌዱ ላይ ገለበጠው። ወደ ሠላሳ ይሆናሉ። አንዷን በጥፍሩ ገልብጦ አያት፣ ሌላዋን አያት። የላሟ ጋጣ ላይ ተደገፈ።

"መዥገር አላውቅም" አለ። በለቅሶው ላይ ሰቦቃን የጠየቀበት ቃል ነው፤ አሁን ግን ጥያቄ አልነበረም። "ሽማግሌው ነገሩኝ፤ እሷም ነገረችኝ። ልጄን ዓመት ከመንፈቅ እዚያ አስተኛሁ።" እያለቀሰ ገብቶ መደቡ ሥር ተንበረከከ፤ ወለተማርያም ራሱን ስትደባብሰው አየሁ። አህያውን አዳዳ ዲንቄ ራሷ አፏን ይዛ መለሰችው። በማግሥቱ ደግሞ፣ ከማን አንሼ ብላ፣ ዶሮ ይዛ መጣች።

ሦስተኛውን ትኩሳት ሁላችንም ቀን እየቆጠርን ጠበቅነው። መጣ፣ ግን እንደደከመ እንግዳ ትንሽ ቆይቶ ሄደ። አራተኛ አልመጣም።

ስትበረታ አባቴ ጭቃውን በእግሩ አቦካ። ወለተማርያም እንኳን ጥፍር፣ ፀጉር የሚገባበት ስንጥቅ ሳታስቀር ግድግዳውን መርጋ ስትጨርስ ጠራችኝ።

"ነይ፣ የላዩን ልስን አንቺ ነሽ የምታውቂው። እኔ ስለማመድ አይተሽኛል፣ አልሆነልኝም። የእናትሽ ትንሿ ጣት ወደየት ነበር የምትታጠፈው?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ከማፍረሷ በፊት ግድግዳው ላይ ጣቷን ስታጥፍና ስትዘረጋ የነበረው ልታላግጥ ሳይሆን ልታጠና ነበር። ትንሿን ጣቴን አጥፌ አሳየኋት። የኔ እጅ ከታች እስከ መደቡ፣ የሷ ከላይ እስከ ጣራው፣ ሁለታችንም ጣታችንን አጥፈን ለሰንነው። አባቴ መጥቶ መዳፉን እርጥቡ ጭቃ ላይ ሊያሳርፍ ሲል "ይድረቅ እንጂ ሰውዬ!" ብላ ጮኸችበት። ሦስታችንም ሳቅን፣ ጥጆቹም በረገጉ። ከዚያ ቀን ወዲያ እርስዎ ማለቱን ትቼ አንቺ አልኳት። አዮም አልኳት።

አርባ ዓመት አብረን ኖርን። በየመስቀሉ ግድግዳው ይለሰናል፣ በየመስቀሉ ትንሿ ጣት ትታጠፋለች፤ ልጆቼም እንደዚያ ካልሆነ ልስን አይመስላቸውም። ወለተማርያም ስታረጅ እኔ ነኝ ያስታመምኳት፣ እዚያው መደብ ላይ። ልትለየኝ ጥቂት ቀን ሲቀራት እግሯን እያሸሁ ሳለ ድንገት "ዘጠኝ ነበሩ" አለችኝ።

"ምኖቹ?"

"መዥገሮችሽ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት፣ በማግስቱ ሦስት፣ ከዚያ ሦስት። ጠዋት ሳራግፍ አንድ በአንድ ለቅሜ ፍም ውስጥ እጥላቸው ነበር።"

ያን የሳቀችውን ሳቅ፣ "እንዴ! መዥገር አስተኛሽብኝ?" ያለችውን አስታወስኩ። ከመጀመሪያዋ ጠዋት ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። ልገድላት እንደምፈልግ እያወቀች ነው ፀሐይ ላይ ቆማ ፈገግ ትልልኝ የነበረው፣ እያወቀች ነው የኔን ቦታ ወስዳ የተኛችልኝ።

"አዮ፣ ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ? ምነው አልተቆጣሽኝም?"

ዓይኗን ጨፈነች።

"ብቆጣሽ ትተዪው ነበራ" አለች። "ቡሬ በዕድሜዋ እንደዚያ ሰሞን ጸድታ አታውቅም።"